የደረጃው አምፖል ብቻ

ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ቀን ሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔም የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበርሁ። ቀትር ላይ የጎረቤቴ ታናሽ ወንድም በሬን እየደበደበ «ኧረ ድረሱልን! ወንድሜን ገደሉት!» ሲል እንደምንም ተነሥቼ ወጣሁ።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ከደረጃው ሥር አንገቱ ተቀልብሶ፣ ከዘራው ከጎኑ ወድቆ አገኘሁት። ያ ደረጃ በሁለት ግድግዳ መካከል የተዘጋ ነው፤ መስኮት የለውም። አምፖሉ ካልበራ በጠራራ ፀሐይም ዐይን ቢወጉ አይታይ። ያን ጊዜም ጨለማ ስለ ነበረ ሬሳውን ያየነው በታናሽ ወንድሙ ስልክ ብርሃን ነው።

ለምርመራ የመጣችው ሴት ዝምተኛ ነበረች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ እብቁን ታስቀራለችና። ወደ ሬሳው ከመጠጋቷ በፊት ሳሎኑን፣ ወጥ ቤቱንና መታጠቢያ ቤቱን ዞረች። በሁሉም ክፍል አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል።

«በቀትር ይህን ሁሉ መብራት ማን አበራው?»

«ማንም አላበራው» አለ በግቢው የነበረው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። በዚህ ቤት ሽቦ አልባ ማብሪያ ማጥፊያ የገጠመው እሱ ነው። «ለጥገና ብሬከሩን አውርጄ የቤቱን ኃይል አቋርጬ ነበር። እነዚህ አምፖሎች ኃይል ተቋርጦ ሲመለስላቸው ሁሉም በራሳቸው ይበራሉ። ጠባያቸው ነው።»

«ማብሪያዎቹስ?»

«ከአንዱ በቀር ሁሉም ሞተዋል። የሠራቸው ኩባንያ ተዘግቷል፤ መለዋወጫ ገበያ ላይ የለም። አምፖሎቹን በስልክ ማብራትና ማጥፋትም ከክረምት ጀምሮ ቀርቷል። አዲስ የመጡት ደግሞ ከነዚህ ጋር አይግባቡም። ወደፊት ግን የሁሉም ኩባንያ ዕቃ በአንድ ቋንቋ ይነጋገራል ይባላል።»

«ወደፊት!» አለ ታናሽ ወንድምየው። «ስትገጥመውም ‹ሽቦ የድሮ ነገር ነው፣ ዋስትና አለው› ብለህ ነበር። ዋስትናህ የአህያ ባል! ከጅብ አላስጣለም።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን እሱን አይደለም የምጠረጥረው። የወንድሜን ልጅ ነው። ጧት ‹ሽቦ ካልገባ ከዚህ ቤት እወጣለሁ› እያለች ስትጮህበት ሰምቻለሁ። እናቷን ማስታመም ሰልችቷታል።»

«አንተ የት ነበርህ?»

«ሳሎን ተኝቼ። መብራቱ ዐይኔ ላይ ቦግ ሲል ነቃሁ፤ ወዲያው ዱብ ሲል ሰማሁ። ሮጬ ብወጣ ደረጃው ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ሠራተኛው ዞረች። «ብሬከሩን ስትመልስ የሰማኸው ነገር አለ?»

«ሟች ከላይ ሆነው ‹ጨርሰሃል?› ብለው ተጣሩ። ‹አሁን!› አልሁና መለስሁ። ትንሽም ሳይቆይ ወደቁ።»

ደረጃውን ወጣች። ከላይ ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን የሙጫ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ማብሪያው ተነቅሎ ሄዷል።

የት እንደሄደ የታወቀው የሟች ሚስት ካለችበት ክፍል ስንገባ ነው። ከወገቧ በታች ከደነዘዘች አራት ዓመቷ ነው። ብርሃን ዐይኗን ስለሚወጋት መጋረጃው ተዘግቷል፤ የጣራው አምፖልም ተፈትቶ ወጥቷል። በአልጋው ራስጌ፣ አውራ ጣቷ ከሚደርስበት ላይ፣ ያ ነጭ ማብሪያ ተለጥፏል።

«ከግድግዳው ነቅሎ ያመጣልኝ እሱ ነው፣ ልጄ» አለቻት መርማሪዋን። «‹ከዚህ ቤት አንድ ሥራ ላንቺ› አለኝ። በሬን ዘግቶ ይወጣል፤ ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ በከዘራው ጠቅ ያደርጋል፤ አበራለታለሁ። ታች ሲደርስ ደግሞ ጠቅ ያደርጋል፤ አጠፋለሁ። ‹አንቺ እያበራሽልኝ አልወድቅም› ይል ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም እንደ ወትሮው። ከሠራተኛው ጋር ሲጯጯህ ሰማሁ። ከዚያ ከዘራው ጠቅ አለ፤ አበራሁለት።» ከትራሷ ቀና ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «እኔ አብርቼለታለሁ። ታዲያ ማን ነው ያጠፋበት? ያጠፋው ሰው እጁ ይሰበር! አምጡልኝ፣ ፊቱን ልየው!»

በሩ አጠገብ የቆመችው ልጅ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አለች።

«ምን?»

«ጧት ተጣልተን ነበር። ልብስ አሰጣ ሳለሁ በስልኬ አጠፋሁበት።»

«አላልኋችሁም!» አለ አጎቷ።

መርማሪዋ ልጅቷን ክንዷን ይዛ ወደ ውጭ አወጣቻትና በሩን ዘጋች። የተነጋገሩትን መርማሪዋ ኋላ ነግራኛለች።

«ስልክሽ ከክረምት ጀምሮ አምፖል አያዝም። ለምን ትዋሻለሽ?»

«እኔ ነኝ አልሁ። ምን ጎደለሽ?»

«እስር ቤት ብትገቢ እናትሽን ማን ያገላብጣታል?»

«ሰው ተቀጥሮ ያገላብጣታል። ይህን ካወቀች ግን ማን ያነሣታል?» አለችና ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። «እባክሽ። አንቺም ሴት ነሽ። ተይልኝ።»

«ብተወው አጎትሽ አይተወውም» አለች መርማሪዋ። «አንቺም ፍርድ ቤት ቆመሽ ይህን ውሸት መድገም አትችዪም።»

ሠራተኛውንም ጠርታ ሁላችንንም በሕመምተኛዋ ክፍል ሰበሰበችን። ሠራተኛው ቆቡን በእጁ ይዞ ግድግዳውን ተደገፈ። ማንም ወንበር አልፈለገም።

«ልጅሽ አልገደለችም፣ እናቴ» ብላ ጀመረች። «ስልኳ አምፖል ማብራትም ማጥፋትም አይችልም። በዚህ ቤት ሕይወት ያለው ማብሪያ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ሊያጠፋው የሚችልበት መንገድ አልነበረም።»

«እኮ! እኔ ደግሞ አበራሁ እንጂ አላጠፋሁም።»

«አንዱ ቁልፍ ነው የሚያበራውም የሚያጠፋውም። የጠፋውን ሲነኩት ይበራል፤ የበራውን ሲነኩት ይጠፋል።» ቀስ ብላ ትናገር ነበር። «ባልሽ ሲወጡ ኃይል አልነበረም። ከደረጃው አፋፍ ቆመው ጠበቁ፤ ‹ጨርሰሃል?› ብለው የጠየቁት ለዚህ ነው። ኃይሉ ሲመለስ የቤቱ አምፖል ሁሉ በራሱ በራ። የደረጃውም በራ። እሳቸውም መብራቱን አምነው ከዘራቸውን አሳረፉ፤ እግራቸውንም አነሡ። ከላይ እስከ ታች የቤቱ አምፖል ሁሉ ሲበራ፣ ጠፍቶ የተገኘው የደረጃው ብቻ ነው። ሌሎቹን የነካቸው የለም። እሱን ግን...»

«ይበቃል!» አለች ልጅቷ።

ሴትዮዋ ግን ገብቷታል። ዐይኗን ከጣራው፣ አምፖል ከሌለበት ከባዶው መያዣ ላይ ተክላ ቆየች።

«በርቶ ነበር እንዴ?» አለች።

ታናሽ ወንድምየው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

«ከዘራው ጠቅ ሲል... በርቶ ነበር?» አውራ ጣቷን ወደ ዐይኗ አቅርባ እንደ ባዕድ ነገር አየችው። «እጁ ይሰበር ብያለሁ አይደል?»

ልጅቷ እላይዋ ላይ ወደቀች። ታናሽ ወንድምየው የልጅቷን ትከሻ ሊነካ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ሠራተኛው «እኔ ትንሽ ብቆይ ኖሮ...» ብሎ ቆቡን ደፍቶ ወጣ።

መዝገቡ «ድንገተኛ አደጋ» ተብሎ ተዘጋ። ደረጃው ሽቦ ገባለት፤ ከግድግዳው ላይ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ተገጠመ። ከራስጌዋ ያለው ማብሪያ አሁን የሚያዘው አንድም አምፖል የለም። «ልንቀለው?» ቢሏት ግን እንቢ አለች። በደረጃው ላይ የእግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር ከተዘጋው በር ወዲያ ማብሪያው ቀጭ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ፣ የመጀመሪያውን እንደ መመለስ፣ ሌላ ቀጭ። ልጅቷ ጫማዋን በእጇ ይዛ መውጣትና መውረድ ከጀመረች ቆየች።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት ካረጀሁ ወዲህ ነው፤ ትዝታዬም እንደ ጉልበቴ እየከዳኝ ነው። ቀኑን ወይም የተባለውን ቃል አዛንፌ ከሆነ የምታውቁ አርሙኝ። ይልቁንም ያን ቀን በዚያ ግቢ በኩል ሲያልፍ የነበረ፣ «ከዘራው የተሰማው መብራቱ ሳይመለስ ነው፤ አንተ ተሳስተሃል» የሚለኝ ሰው ካለ፣ እባኩን ፈጥኖ ይምጣ። ለዚያች ሴት ይዤላት የምገባው ነገር ይሆነኛል።