በጥጡ ላይ የቀረው ሽታ

የፋብሪካ ታይፒስቷ እሌኒ ጣና ዳር በተከራየቻት ክፍል፣ አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኘች። ፊቷ ታጥቦ ቅባት ተቀብቷል። መስታወቱ ሥር የጽጌረዳ ውሃ ጠርሙስ፣ አጠገቡ እርጥብ ጥጥ አለ። መርማሪው መቶ አለቃ ቢያዝን ጠርሙሱን ቢያሸት የተባይ መርዝ ሸተተው። ጥጡን ደጋግሞ አሸተተና በጥንቃቄ መልሶ አስቀመጠው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለ ጥጥ ነክቶ አያውቅም።

ውሃውን ከጓሮዋ ጽጌረዳ አፍልታ ያመጣችው የሟች ብቸኛ ጓደኛ አገርነሽ፣ እጇን ታስራ በር ላይ ቆማለች። ሰፈርተኛው ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቷል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ እስር ቤት የገባ ሰው መውጫው አይታወቅም።

«ትናንት ጠዋት ነው ያመጣሁላት፣ አሮጌው ስላለቀባት» አለች እያለቀሰች። «ከዚያ ፋብሪካ ገባሁ፤ ሌሊቱንም ተረኛ ነበርሁ። ማታ ማታ ፊቷን ታጥባ በጥጥ ትጠርግበታለች፤ ቅባት የምትቀባው ከዚያ በኋላ ነው። ‹የሚያየኝ ባይኖር እኔ አየዋለሁ› ትለኝ ነበር።»

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ለቅሶ ሄደው፣ ሰዓት እላፊ ይዟቸው እዚያው አድረዋል። ማታ የመጣው የእሌኒ ወዳጅ አለበል ነው፤ እሱም ተጠርቶ መጥቷል።

«ስትደርስ ምን እያደረገች ነበር?» አለው ቢያዝን።

«ፊቷን ታጥባ፣ ቅባቷን ተቀብታ ጨርሳ ነበር። ጠጅ ይዤላት ሄጄ አብረን ጠጣን። ስወጣ ጠማኝ ብላ ከዚያ ጠርሙስ ስትጎነጭ አይቻለሁ። የአገርነሽ ሥራ ነው!»

«አዬ ልጄ! የፊት ውሃ ማን ይጠጣል?» አሉ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን። ከዚያ ወደ ቢያዝን ዞሩ። «ይሄ ሰው ዱርቤቴ ከተማ ሚስት እንዳለው እሌኒ ሰምታ፣ ‹ሄጄ እነግራታለሁ› ብላ ነበር። ተዪው አልኋት፤ አልሰማችኝም።»

ቢያዝን ሦስቱንም መስታወቱ ፊት አቆማቸው።

«ጥጡ የሚሸተው ጽጌረዳ ብቻ ነው። እሌኒ ፊቷን ስትጠርግ ጠርሙሱ ንጹሕ ነበር ማለት ነው። አለበል፣ ስትደርስ ጨርሳ እንደነበር በአፍህ ነገርኸኝ። ስለዚህ መርዙ ጠርሙሱ ውስጥ የገባው አንተ ከመጣህ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ አገርነሽ ማሽኗ ላይ ነበረች። የፊት ውሃ አትጠጣም፤ የገደላት ጠጅህ ነው። የተረፈውን መርዝ፣ በአገርነሽ ለማላከክ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመርኸው። የሚጠጣ መስሎህ! ስንት ዘመን ስትመላለስ፣ ምን እንደምታደርግበት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሃትም።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና አለበል የተናገረውን መመለስ አልቻለም። አንገቱን ደፋ፤ ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

የአገርነሽ እጅ ተፈታ። እሷ ግን አልሄደችም፤ መስታወቱን እያየች ቆመች።

«ጽጌረዳዬ ዛሬም አብቧል» አለች። «ከእንግዲህ ለማን ላፍላ፣ መቶ አለቃ?»

ቢያዝን ጥጡን በወረቀት ጠቀለለ። እሱም ሲመሽ የሚገባው፣ ማንም ወደማይጠብቀው ቤት ነበር።