የጀሪካኑ ቀይ ጨርቅ

ጠብታው መዳፏ ላይ እንደወደቀ ደረቀ። ሙስሊማ መስፈሪያ ጣሳውን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። ላምባ እንዲህ አያደርግም፤ ላምባ ቅባት ነው፣ በሳሙና ካላሹት አይለቅም። ይሄኛው ግን መዳፏን ቅዝቅዝ አድርጎ በነነ። ሌላ ጠብታ ጨመረች። እሱም በነነ።

ከፊቷ የቆመችው ሴትዮ ጠርሙሷን እንደዘረጋች፣ «ምነው ልጄ፣ ቅጂልኝ እንጂ! ሊመሽብኝ ነው» አለቻት።

«ላምባ አልቋል» አለች ሙስሊማ። ሴትዮዋ እያጉረመረመች ሄደች።

አባቷ ሱሩር ከወሎ መጥቶ ገዋኔ ላይ ሱቅ ከከፈተ አሥር ዓመት አልፎታል። ነዳጅ በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ዘመን፣ ከአሰብ የሚመጡ የቦቴ ሾፌሮች በስውር ጥቂት ጀሪካን ያራግፉለት ነበር፤ ላምባውን ለጎረቤት ኩራዝ፣ ቤንዚኑን ለመኪና። ጀሪካኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ በቤንዚኑ ጀሪካን እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል። ምልክቱ ያ ብቻ ነው።

ጨርቁ የት እንዳለ ሙስሊማ መፈለግ አላስፈለጋትም። እጇ ወደ ሹሩባዋ ሄደ። ለነገው የአብዮት በዓል ሰልፍ ተማሪ ሁሉ ቀይ ሪባን አስሮ እንዲመጣ ታዟል፤ ሪባን ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ሰንብቷል። ትናንት ጨርቁን ፈትታ፣ ሁለቴ በሳሙና አጥባ አሰረችው። «ምን አለበት፣ ከሰልፉ በኋላ እመልሰዋለሁ» ብላ ነበር። ዛሬ ጠዋት አባቷ ምልክት ያጣበትን ጀሪካን ሊያልቅ በተቃረበው የላምባ በርሜል ውስጥ ገለበጠው።

«አባ!»

ሱሩር ከጓዳ ወጣ። መዳፏን አሸተተ፤ ጸጉሯ ላይ ያለውን ጨርቅ አየ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ፊቱ ግን አመድ መሰለ።

«ያረብ! ለቁርአን ቤቱም ልኬያለሁ።»

ሐሙስ ሐሙስ ለልጆቹ መብራት አንድ ጠርሙስ ላምባ ሰደቃ ይሰጣል። ቁርአን ቤቱ እንደ አፋሮቹ ቤት በሰሌን የተሠራ ነው። የሳይንስ መምህሯ ጋሽ ጉልላት፣ «የእኛ ቆርቆሮ ክፍል ምድጃ ነው፤ የሰሌን ቤት ግን ይተነፍሳል። ቤት መሥራት ከአፋሮቹ ተማሩ!» እያሉ ያደንቁታል። ከትምህርት ቤቱ ግቢ የጉሎ ፍሬ ጨምቀው፣ በዘይቱ የሚበራ ኩራዝም ለቁርአን ቤቱ ልጆች ሰጥተው ነበር። ብርሃኑ ደበዘዘ ተባለና የሱሩር ላምባ ተተካ። የሚተነፍስ ቤት እሳት ሲነካው እንዴት እንደሚነድ ሙስሊማ አሁን ገባት።

«ከጠዋት ጀምሮ ስንት ሰው ገዝቷል?» አለች።

«የገበያ ቀን ነው ልጄ። ማን ለይቶ ያውቀዋል?»

«እንግዲያው ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ይናገርልን!»

«ዝም በይ!» አለ ሱሩር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ነው የሚሉት። ባለሱቁን ጀማሉዲንን ከወሰዱት ወዲህ ያየው ሰው አለ? እኔ ቁርአን ቤት ልሩጥ፣ ከዚያ ቤት ለቤት እሰበስባለሁ። አንቺ ሱቁን ዝጊ። አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ እንደርሳለን።»

ሮጠ። አንዱ ጫማው ደጃፉ ላይ ቀረ።

ሙስሊማ ሱቁን ዘግታ በሩ ላይ ቆመች። የፀሐይ ብርሃን የቀረው አያሉ ተራራ አናት ላይ ብቻ ነው። ከመንገዱ ማዶ ክብሪት ሲጫር ሰማች። ትንፋሿን ዋጠች። ኩራዙ በራ፤ ምንም አልሆነም። ቀደም ብሎ የተገዛ ላምባ ይሆናል። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቤትስ? አባቷ ሁለት እግር ነው ያለው፤ ገዋኔ ላይ ደግሞ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚመሸው።

ወደ ቀበሌው ሮጠች።

የቀበሌው ዘበኛ አስናቀ ለነገው በዓል ድምፅ ማጉያውን በማርሽ ሙዚቃ እየሞከረ ነበር። ጠመንጃው ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«ጓድ አስናቀ! ዛሬ የተሸጠው ላምባ ቤንዚን አለበት። ማንም ኩራዝ እንዳያበራ ይናገሩ!»

«ከየትኛው ሱቅ?»

ሙስሊማ የሹሩባዋን ጨርቅ ጨበጠች።

«እንዲሁ ላምባ አታብሩ ብል ማን ይሰማኛል? በጨለማ ልቀመጥ የሚል አለ? ሱቁን ንገሪኛ!»

በመስኮቱ በኩል አየች። እዚህም እዚያም ኩራዝ መብራት ጀምሯል። ቀይ ጨርቁን ከሹሩባዋ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ማይኩን ይስጡኝ፣ እኔው እናገራለሁ።»

አስናቀ ጨርቁንም እሷንም አየና ሙዚቃውን ዘግቶ ማይኩን ሰጣት። ከተማው ጭር አለ።

«የገዋኔ ሰዎች» አለች፤ ድምፅዋ ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ላይ ተጋጭቶ ተመለሰ። አባቷ የትኛውም ደጃፍ ላይ ቢሆን እየሰማት ነው። «እኔ የሱሩር ልጅ ሙስሊማ ነኝ። ዛሬ ከሱቃችን የገዛችሁትን ላምባ እንዳትለኩሱት።»