ባለመቀሶቹ የሄዱ ሰሞን

ሟቹ የተገኘው ጓሮው ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ ነው፤ መሰላሉም አጠገቡ ወድቋል። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ቁስሉ ግን ማጅራቱ ላይ ነው። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ይህን አየ። ባልደረቦቹ «ጉንዳን» ይሉታል፤ ከነከሰ አይለቅማ።

የሟቹ ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። እጆቿን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ትመለከታለች።

«መሰላሉን ያቆምኩት እኔ ነኝ» አለች ሳትጠየቅ። «ዛሬ ጠዋት አሸንዳውን ልጥረግ ሲለኝ አቁሜለት ሥራ ሄድኩ። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ከዚህ በፊት ለምን አልጠረገም?»

«ባለመቀሶቹ ሳይሄዱ እዚህ ቤት መሰላል አይቆምም። የአባዬ ሕግ ነው።»

ሟቹ ባለመቀስ የሚላቸው ጅራታቸው እንደ መቀስ የተከፈለ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ስር በጭቃ ጎጆ የሚሠሩ ትንንሽ ወፎች ናቸው። ወቅቱ ሲለወጥ ግር ብለው ይሄዳሉ።

ለፖሊስ የደወለው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ መኪና አሻሻጭ ነው። ምላሱ እንደ ሥራው ነው።

«ጋሼ መቼ ሰው ይሰማል! አትውጣ አልኩት። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት፤ ጎጆው ጋ ሲደርስ እነዚያ ወፎች ተሰብስበው ወረዱበት። ደነገጠ፣ መሰላሉ ከዳው፣ በቃ። ልጅቷ ላይ አትፍረዱባት፤ እሷ መሰላል ማቆም የት ታውቃለች?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ጉንዳን አላቋረጠውም። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይኼኛው ግን ማደርም አላስፈለገው።

በአጥሩ ማዶ ጎረቤቲቱ ልብስ ሰፊ ቆማለች።

«እኔ ነኝ እንዳትሉኝ እንጂ፣ በወፎቹ ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው። ያጠብኩትን ሁሉ ይበክሉብኛል።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ተገላገልኩ! ባለፈው ሳምንት የመብራት ሽቦው ላይ ተደርድረው ሲንጫጩ ዋሉ፤ በነጋታው አንድም የለ። ጋሼ እንኳ በሰላም ግቡ ብሎ ሸኛቸው። እኔም ነጭ አንሶላዬን አሰጣሁ።» ድምፅዋ ሰለለ። «ምነው እሱ ኖሮ አሁንም በበከሉብኝ!»

ከሰዓት በኋላ ጉንዳን ሦስቱንም ጓሮ ሰበሰባቸው። መሰላሉን መልሶ አቆመና አንድ እርከን ብቻ ወጣ። የመሰላሉ እግር ጭቃው ውስጥ ስምጥ አለ።

«ትናንት ማታ ዘንቧል» አለ። «እኔ ከሲታው በአንድ እርከን ይኼን ያህል ካሰመጥኩት፣ ሟቹ እላይ ድረስ ወጥቶ ቢሆን ጉድጓድ ባገኘሁ ነበር። ያገኘሁት ግን ሲያቆሙት የጫረውን ብቻ ነው። አባትሽ መሰላሉን አልወጣም።»

«ወፎቹስ?» አለ ወንድምየው።

«የትኞቹ? ከሄዱ ሳምንታቸው ነው። እርስዎ መቼ ነው ያዩዋቸው?»

«ጫጩት በፈለፈሉ ጊዜ» ብላ ልጅቷ መለሰች፣ በደረቅ ድምፅ። «ቤቱ ይሸጥ ብሎ ከአባዬ ጋር የተጣላ ቀን። ያኔ ወርደውበት ነበር።»

«ያንን ነው ለዛሬ ያመጡት» አለ ጉንዳን ወደ ወንድምየው ዞሮ። «መሄዳቸውን አላወቁም፤ ቀና ብለው አላዩማ። ደግሞ በደረቱ የወደቀ ሰው ማጅራቱን በምን ይመታል? በጀርባው ወድቆ ከዚህ ከሲሚንቶው ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ግቢው ሁሉ ጭቃ ነው፤ ጠርዙ ብቻ ታጥቧል። ከዚያ ሰው ገልብጦታል፤ መሰላሉንም አጠገቡ ጥሏል።»

ወንድምየው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ገፋ ነው ያደረግኩት… ልገድለው ብዬ አልነበረም። እኔ ሳልሞት ቤቱ አይሸጥም አለኝ። ዓይኑ እንደተከፈተ ቀረ። ሲያየኝ አላስችል አለኝና ገለበጥኩት።»

ልብስ ሰፊዋ የልጅቷን እጅ ያዘች። «ሰማሽ ልጄ? አንቺ አይደለሽም። መሰላሉ አይደለም።»

ከጠዋት ጀምሮ ልትሰማ የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ሲመጣ ግን ምንም አልተሰማትም። አጎቷን ትኩር ብላ አየችው።

«መሰላሉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። «አባዬ ማን እንደገደለው ሳያይ ይሞት ነበር።»