ድምፁ ያልተሰማው ሞተር

የወንዳወቅ ሬሳ ከፈረስ ቤት ከተማ በሚወርደው ቁልቁለት አጋማሽ፣ ከባዬ ቤት አጠገብ ተገኘ። ማጅራቱ በብረት ተመቷል። ሟቹና ባዬ በማሳ ድንበር ሲካሰሱ ከርመው ነበርና ኢንስፔክተር ያምሮት ከፍኖተ ሰላም ስትደርስ የሟቹ ወንድም ቢሆነኝ ጠመንጃውን ይዞ ከባዬ ደጃፍ ቆሟል።

«ቀብሩ ይለፍ ብዬ ነው እንጂ የወንድሜ ደም አያድርም» አለ።

ባዬ ከቤቱ ውስጥ ተኮራምቷል። ያምሮት ሚስቱን እናኑን ጠጋ አለቻት።

«ትናንት አመሻሽ ሰው አለፈ እታለም?»

«ከጓሮ ስንዴ ሳበጥር ነበር፤ ሰው አላየሁም።»

«ሞተር ብስክሌትስ?»

«ድምፁን አልሰማሁም። ቢያልፍ እሰማ ነበር።»

«ሰማሁ በያቸው!» ብሎ ባዬ ጮኸ። «አንቺው ልታስገድይኝ ነው?»

እናኑ እንባዋ ወረደ። «ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ሥላሴን በምን ዓይኔ ልሳለም?»

ቢሆነኝ ጠመንጃውን አቀባበለ። «ሞተር ካላለፈ፣ ወንድሜን የሚገድል እዚህ ያለው ባሏ ብቻ ነው።»

ያምሮት ወደ ገነነ ዞረች። ገነነ ከሟቹ ጋር ሞተር በጋራ ገዝቶ ሰው የሚያመላልስ ነው፤ ለልቅሶ መጥቶ ሞተሩን ተደግፎ ቆሟል።

«እኔም ሞተር ልገዛ አስቤያለሁ። ወጪው ያስፈራል?»

ፊቱ ፈካ። «ኧረ የለም! ዘይት መቀየር ነው፤ ጎማ በጠጠሩ መንገድ ቶሎ ያልቃል፤ የፍሬን ሸራም ይኸው ትናንት ጠዋት አዲስ አስገባሁ።»

«በሃይላንድ ጠርሙስ የሚቸረቸረው ነዳጅ ግን ዋጋው እሳት ነው አሉ።»

«አያያዝ ነው ኢንስፔክተር። ለፈረስ ቤት መውጫውን ብቻ ነው የምከፍለው፤ መመለሻው በነፃ ነው።»

«ትናንት ወጥተህ ነበር?»

«አልወጣሁም። ሜዳውን፣ ማንኩሳና ፍኖተ ሰላም ስመላለስ ዋልሁ።»

ያምሮት አብሯት የመጣውን ፖሊስ የገነነን ሞተር የኋላ ጎማ እንዲፈታ አዘዘችው። አይታ ስታበቃ ሁሉንም ደጁ ላይ ሰበሰበች። ባዬን እናኑ ደግፋ አወጣችው።

«መመለሻው በነፃ የሚሆነው ሞተሩን አጥፍቶ ቁልቁለቱን ለሚንሸራተት ነው» አለች። «የጠፋ ሞተር ደግሞ አይጮህም። እናኑ እውነቷን ነው። ነገር ግን የጠፋ ሞተር ፍጥነት አይገታም፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ትናንት የገባው ሸራ ዛሬ አሯል። የማንኩሳ ሜዳ ሸራ አያሳርርም። ገነነ፣ ትናንት በዚህ ቁልቁለት ወርደሃል። ለምን ዋሸህ?»

ገነነ ወደ ቁልቁለቱ አማተረ። ያምሮት ፊቷን አዞረች።

«ቢሆነኝ፣ ወንድምህ ስለ ነዳጅ ያወራህ ነበር?»

ቢሆነኝ ቀስ ብሎ ወደ ገነነ ዞረ። «ለመውጫም ለመመለሻም ነዳጅ ብሎ ከወንድሜ ድርሻ ይቆርጥበት ነበር። ወጪውን ቢያሰላው አልገጥም አለው። ሽማግሌ ፊት አቆመዋለሁ ብሎኝ ነበር...»

«ሌባ ብሎ በአገር ሊያዋርደኝ!» አለ ገነነ፤ ያለውን ያወቀው ካለው በኋላ ነው።

አፈሙዙ ወደ እርሱ ዞረ። ያምሮት መሐል ገባች።

«ያለ ጥፋቱ ሰው ልትገድል ስንዝር ቀርቶህ ነበር። የዛሬው ይብቃህ።»

ጠመንጃው ዝቅ አለ። ፖሊሱ ገነነን ካሰረው በኋላ ቢሆነኝ ባዬ ፊት ቆመ።

«ልገድልህ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ» አለ ባዬ። የእናኑን ክንድ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ።