ምክንያት ያጣ እብጠት

«ሽቦው የሴት እጅ አይወድም» የምትለው ወሬ መጀመሪያ የወጣችው ከቴሌግራፍ ቤቱ ፖስታ ለዪ ሽማግሌ አፍ ነበር፤ ሽማግሌው የደብዳቤ ከረጢት ሲፈታ ይላታል፣ ከረጢት ሲቋጥር ይደግማታል፤ ሳምንት ሳይሞላ ታች ከበረኛው ጀምሮ እስከ ላይ እስከ ዋናው ሹም ጽሕፈት ቤት ድረስ ያልቀመሳት ሰው አልነበረም።

ዘመኑ ታላቁ የዓለም ጦርነት አራተኛ ዓመቱን ሊደፍን የተቃረበበት፣ ወሩም ሰኔ ነበር። የቴሌግራፍ ቤቱ ወንዶች አንድ በአንድ ወደ ግንባር በመዝመታቸው፣ ዋናው ሹም ወዶ ሳይሆን ተገዶ አንዲት ሴት ቀጠረ፤ ይህችውም ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሞላት የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ነበረች። የሽቦውን ቋንቋ ያስተማራት የለም፤ ከአሮጌ መጽሐፍ ላይ ነጥብና ሰረዙን ለቅማ፣ በእናቷ መቀስ እጀታ ጠረጴዛ እየደበደበች ብቻዋን ተምራዋለች። ሰው ሁሉ «ባለሽቦዋ» ይላታል። የቅጥር ደብዳቤዋ፣ ስድስት ወር ያለ አንዳች ስሕተት ካገለገለች ቋሚ እንደምትሆን፣ አንዲት ስሕተት ከተገኘባት ግን እንደምትሰናበት ይናገራል፤ እርሷም አጣጥፋ ጡቷ ሥር ይዛው ትዞራለች።

«ጋሼ፣» አለችው አንድ ቀን ሽማግሌውን፣ «ሽቦው አልወድሽም ያለኝን ለእርስዎ በቃል ነገረዎት ወይስ በደብዳቤ? በደብዳቤ ከሆነ ለማን ብለው እንደ ለዩት ልወቅ።»

«ሳቂ ልጄ፣ ሳቂ፤ ሽቦ ግን ቂም ያውቃል» አለና ከረጢቱን ተሸክሞ ወረደ።

ቂሙ የመጣው በሐምሌ አጋማሽ ነው። ማክሰኞ ጠዋት፣ የእህል ዋጋ የሚያወራ ተራ ቴሌግራም ስትቀበል መዳፏን በላት፤ ቀጥሎ አንገቷ ጋለ፣ ክንዷ ላይ እንደ አለንጋ ሰንበር የሚመስል ነገር ተጋደመ፣ ከንፈሯም ንብ እንደ ነደፈው ሰው አበጠ። ትንፋሽዋ በመርፌ ቀዳዳ እንደሚሾልክ ክር ቀጠነ። ቴሌግራሙን ጨርሳ ከፈረመች በኋላ ብቻ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ከሁለት ሰዓት በኋላም እብጠቱ እንደ አመጣጡ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ቀን አይመርጥም፣ ምክንያትም አይሰጥም። አንዴ ቢሮ፣ አንዴ እቤቷ እራት ላይ፣ አንዴ መንገድ መሀል ያዛት። ባለሽቦዋ ደብተር አወጣችና የበላችውን፣ የነካችውን፣ የነፋሱን አቅጣጫ ሳይቀር መጻፍ ጀመረች። እንቁላል ተወች፤ መጣ። ዓሣና ወተት ተወች፤ መጣ። ሳሙና ለወጠች፣ የሱፍ ብርድ ልብሷን ለጎረቤት ሰጠች፤ አሁንም መጣ። በመስከረም መጨረሻ ከዳቦና ከተቀቀለ ድንች በቀር ወደ አፏ የሚገባ አልነበረም።

እናትየው የሱሪ እግር እያጠፉ፣ «ከድንች ጋር ተጋባሽ እኮ አንቺ ልጅ፤ አንድ ቀን ሌላ ነገር ብትቀምሺ ይቀናብሻል ወይ?» አሏት።

«ድንቹም አልታመነም እማዬ፤ ዛሬ ከርሱ ሌላ ሳልቀምስ ነው ያበጥኩት።»

«ታዲያ ጠላትሽ ማነው?»

«እርሱን ባውቅማ ኖሮ!» ብላ ደብተሩን ግድግዳ ላይ ወረወረችው፤ ቀጥላም ሄዳ አነሣችው፤ አቧራውን አራግፋ «ድንች» የሚለውን ቃል ብዕሯ ወረቀቱን እስኪበሳ ሰረዘችው።

የሄደችበት ሐኪም በበኩሉ ምላሷን አየ፣ የልብ ትርታዋን ቆጠረ፣ የሚያስተኛ ሽሮፕ ጻፈላት። «የነርቭ ነው፤ ከዕድሜም ነው። ባል ብታገቢ ይተውሽ ነበር።»

«ሐኪም ሆይ፣ ባል መድኃኒት ከሆነ ውጭ በር ላይ የተሰለፉት ባለትዳሮች ምን ሊወስዱ ነው የመጡት?»

ሐኪሙ አልሳቀም፤ ሽሮፑንም አልቀነሰላትም። ባለሽቦዋ ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ አቆመችው እንጂ አልጠጣችውም፤ ያንቀላፋ ጆሮ ሽቦ አይሰማምና። ራሷን በራሷ ማከም ያዘች፤ ማሳከክ ሲጀምራት የአንገት ቁልፏን ትፈታለች፣ እርጥብ ጨርቅ ፊቷ ላይ ታደርጋለች፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ትንፋሽዋን በቁጥር ታወጣለች። በዚህ ዓይነት ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ አራት ወር ተኩል ያህል አንዲት ስሕተት ሳይገኝባት አሳለፈች፤ ይህንንም የሚያውቅላት ማንም አልነበረም፤ ሰው የሚያወራው ስለ ከንፈሯ ነው።

የኅዳር ሁለተኛው ቀን ደረሰ። ረፋዱ ላይ አደባባዩ በሰው ተሞልቷል፤ ጦርነቱ ሊቆም ነው የሚለው ጭምጭምታ ከተማውን ከሥራ አስፈትቶታል። ዋናው ሹም ለምሳ ወጥቷል፤ ሽማግሌው ጥግ ላይ ደብዳቤ ይለያል። ልክ ከሰባት ሰዓት በኋላ መዳፏን በላት፤ ወዲያውም ሽቦው መንኳኳት ጀመረ፤ ጥሪው የአስቸኳይ አስቸኳይ ነው።

ሽማግሌው ፊቷን ሲያይ ከረጢቱን ጣለ። «ልጄ፣ ዓይንሽ እየተደፈነ ነው! ተነሺ፣ ሹሙን ልጥራ!»

«ዝም ይበሉ ጋሼ፤ ልስማበት!»

ቀኝ እጇ እርሳስ፣ ግራ እጇ ማስመሪያ ይዟል፤ በቴሌግራፍ ቤት ሥርዓት አንድ መስመር ሲያልቅ ማስመሪያው በአውራ ጣት ወደ ታች ይገፋል፣ እርሳሱም እርሱን ተደግፎ አዲስ መስመር ይይዛል። ዓይኖቿ ፈጽመው ተዘጉ፤ ጉሮሮዋ እያፏጨ፣ በጆሮዋ ብቻ እየተመራች ቃሉን ሁሉ ጻፈችው፤ ውጊያው በዚያው ዕለት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ጀምሮ በግንባሩ ሁሉ ቆሟል ይላል። ሽማግሌው ውኃ እያንጠባጠበ አንገቷን ያብሳል። መልእክቱ ሲያልቅ «ተቀብያለሁ» ብላ መልሳ አንኳኳች።

ሹሙ እየሮጠ ገባና ወረቀቱን ነጠቃት።

«ይህ ምንድነው?»

አውራ ጣቷ አብጦ ስለ ደነዘዘ ማስመሪያው አለመገፋቱን አላወቀችም ነበር፤ የመልእክቱ ስድስት መስመሮች አንዱ በሌላው ላይ ተጽፈው፣ ወረቀቱ መካከል አንድ ጥቁር ገመድ ብቻ ተጋድሟል።

«በቃሌ ልንገርዎ፣ ጌታዬ» አለች በተኮላተፈ አንደበት፤ ነገረችውም፤ አንዲት ቃል አልጎደለችም።

«የማይነበብ ቴሌግራም ቴሌግራም አይደለም፤ አንቺ ግን ተቀብያለሁ ብለሻል!»

«ተቀብያለሁ እኮ! ሰምቼዋለሁ!»

«መንግሥት የሚያውቀው ወረቀት ነው።» ከወንበሩ አስነሣትና ራሱ ተቀምጦ መልእክቱ እንዲደገም ጠየቀ፤ ሽቦው በሌሎች ከተሞች ጥሪ ስለ ተጨናነቀ ድጋሚው አርባ ደቂቃ ፈጀ። ባለሽቦዋ አርባውን ደቂቃ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ ከአደባባዩ ሰው ሁሉ ቀድማ የሰላሙን ወሬ ታውቃለች፣ የሚያምናት ግን የለም። በመጨረሻ ሹሙ በራሱ እጅ የጻፈውን ይዞ ሰገነት ላይ ወጣና አነበበ፤ ባርኔጣ ወደ ሰማይ ተወረወረ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቀፉ፣ አንድ ፎቶግራፍ አንሺም ሹሙን ወረቀቱን እንደ ያዘ አነሣው።

በማግሥቱ የስንብት ደብዳቤዋ ተጻፈ፤ «ተፈጥሮዋ ለሽቦ ሥራ ያልተመቸ ስለ ሆነ» ይላል። ሽማግሌው ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ የለመዳትን ወሬ ሊላት አፉን ከፈተና ዘጋው።

«ይበሏት እንጂ ጋሼ፤ ዛሬ እንኳ እውነት ትመስላለች» አለችውና ወረደች። ሽማግሌው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ያችን ወሬ ሲደግም የሰማው የለም፤ አስቀድሞ ያመኗት ሌሎቹ ግን ሥራዬ ብለው ያዟት፤ ለሃያ ዓመትም በዚያ ቤት ሴት አልተቀጠረችም።

ባለሽቦዋ ወደ እናቷ ስፌት ተመለሰች። እብጠቱ እስከ ጥር ሁለቴ ጎበኛትና ቀረ፤ ለምን እንደ መጣ እንዳልተናገረ ሁሉ ለምን እንደ ሄደም አልተናገረም። ደብተሯን ግን እስከ ዕለተ ሞቷ አልጣለችውም፤ የእንቁላልን ጣዕም መልሳ እንደ ቀመሰች፣ እስከ መጨረሻውም በፍርሃት እንደ ቀመሰች፣ የእህቷ ልጆች ይናገራሉ።

የከተማው የታሪክ መጽሐፍ ስለዚያ ቀን ሁለት ገጽ ጽፏል፤ የሹሙ ፎቶግራፍ አለበት፤ ከሥሩም «የሰላሙን ብሥራት በገዛ እጃቸው የተቀበሉ» ይላል። ታሪክ መቼም የሚያስታውሰው ሰገነት ላይ የቆመውን ነው፤ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ማን ያነሣዋል?

አሮጌው ቴሌግራፍ ቤት ሲፈርስ፣ ባለሽቦዋ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ከታሸጉት ሣጥኖች አንዱን ሲከፍት፣ ከጦርነቱ በፊት በሦስት ዓመት ልዩነት የተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎች አገኘ። በዚያችው ክፍል ያገለገሉ ሁለት ሠራተኞች ከንፈራቸውና ዓይናቸው እያበጠ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው በመቸገራቸው፣ «የክፍሉ አየር ስላልተስማማቸው» ከነሙሉ ደመወዛቸውና ከነማዕረጋቸው ወደ ሌላ ከተማ እንዲዛወሩ ተፈቅዷል፤ ከሁለቱም ግርጌ የዚያው ዋና ሹም ፊርማ አለ። ሁለቱም ወንዶች ነበሩ።