ሁለቱ ቁልፎች

ሹፌሩ በገዛ ግቢው፣ በመኪናው የፊት ጎን፣ በጀርባው ተዘርሮ ነበር። ፊት ነበረው ለማለት ያስቸግራል፤ መንጋጋው ከታች ወደ ላይ ተሰብሮ ከጉንጩ ገብቷል፣ ጥርሶቹ ሲሚንቶው ላይ ተበትነዋል። መኪናው በክሪክና በሁለት ጉማጅ እንጨት ላይ ቆሟል፣ አንድ ጎማው ወልቋል። ሞተሩ ጎን ባለው ትልቅ ብሎን ላይ የብሎን ቁልፍ ገብቷል። በቁልፉ እጀታ ላይ ክንድ ተኩል የሚሆን የብረት ቱቦ ተሰክቶ፣ ጫፉ ከጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ ሰርጉዶ እዚያው ተቀርቅሯል። ጫፉ ደምና ፀጉር ለብሷል።

ሁለተኛ ሰው ደግሞ ሊሞት ተቃርቦ ነበር። የሰፈሩ ሰው የሽማግሌውን መካኒክ በደም የተነከረ እጅ አይቶ በዱላና በድንጋይ ወርዶባቸዋል። ፖሊሶች ነጥቀው ወደ በረንዳው አስገቧቸው እንጂ፣ ከበሩ ውጭ ያለው ሕዝብ «ስጡን! ደም በደም ነው!» እያለ የአጥሩን ቆርቆሮ በድንጋይ ይደበድብ ነበር።

የመጣው መርማሪ ብዙ ስለሚሰማና ጥቂት ስለሚናገር ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል።

«ጌታዬ፣ ነገሩ ያለቀ ነው» አለው አንድ ፖሊስ። «ቱቦው የመካኒኩ፣ ደሙ መካኒኩ እጅ ላይ፣ ጠዋትም ተሰዳድበዋል። ይዘነው እንውጣ።»

«በዚያ በር? በሕይወት ጣቢያ አይደርሱም። ደግሞስ ካለቀ፣ እኔን የጠራኸኝ ለቀብር ነው?»

ወደ በረንዳው ሄዶ ከመካኒኩ ፊት ቁጢጥ አለ። አንድ ዓይናቸው አብጦ ተዘግቷል።

«ጋሼ፣ ደሙ ከየት መጣ?»

«ያዋስኩትን ቱቦ ልወስድ ስገባ ወድቆ አገኘሁት። ጭንቅላቱን ቀና አደረግሁት፤ አበቃ።»

«ጠዋትስ ምን አጣላችሁ?»

«የሞተሩን ታይሚንግ ቺንጋ፣ ያን ጥርሳም የላስቲክ ቀበቶ፣ እዚሁ ቤቱ ልቀይር ብሎ ከብሎኑ ጋር ሲታገል አረፈደ። ‹ልጄ፣ ይኼ የግቢ ሥራ አይደለም፤ ጋራዥ አምጣው› ስለው፣ ‹እርስዎም እንደ ብሎኑ ዝገዋል› አለኝ።» የተሰነጠቀ ከንፈራቸው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሙያ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ሲሰድበኝ እንኳ አንድ ቀን አንተ ብሎኝ አያውቅም።»

የሟቹ ሚስት ጓሮ ልብስ ስታጥብ ነበር፤ ክንዷ ላይ ሳሙናው ደርቋል። «ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ታነቀ። ከዚያ አማቴ፣ እማማ፣ ጮኹ» አለች።

የሟቹ ታናሽ ወንድም በዚያ ሐሩር ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ግድግዳ ተደግፏል። «ተኝቼ ነበር። መካኒኩ ‹ቁልፌን መልስ› ሲል ሰማሁ፤ ቀጥሎ መታው።»

መርማሪው ወደ ሬሳው ተመለሰ። ከሬሳው አምስት እርምጃ ርቆ አዲስ ቺንጋ መሬት ላይ ተጥሏል። አነሳው። በጥርሶቹ መካከል ደም ደርቋል፤ የሟቹ ደም ግን እስከዚያ ድረስ አልተረጨም።

ውስጥ ክፍል የተኙት የወንድማማቾቹ እናት ዓይናቸው ከጠፋ፣ እግራቸውም ከአልጋ ካልወረደ ሰንብቷል። ከራስጌያቸው፣ ከሚስማር ላይ፣ የመኪናው ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«እማማ፣ ምን ሰሙ?»

አሮጊቷ ፊታቸውን የውጭው ጩኸት ወደሚመጣበት አዞሩ። አንድ ድንጋይ ጣሪያው ላይ ወድቆ ተንከባለለ።

«‹ቁልፉን አታዙረው!› አለ ትልቁ ልጄ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ብረት ጮኸ።»

«ልክ እንዲሁ ነው ያለው?»

«ልክ እንዲሁ።» ቃሉን እንደገና፣ ፊደል በፊደል፣ ደገሙለት።

መርማሪው ሁሉንም ወደዚያች ክፍል አስገባቸው። መካኒኩን ከነካቴናቸው አስቀመጠ።

«ሹፌሩን በእጁ የመታው ሰው የለም» ሲል ጀመረ። «በቱቦ የሚማታ ሰው ነቅሎ ይማታል፤ መልሶ ቁልፉ ላይ አይሰካም። ሹፌሩ ቱቦው ላይ ተደፍቶ ወደ ታች ሲጫን ሳለ፣ አንድ ሰው ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩ ብሎኑን አዙሮ ቱቦውን ወደ ላይ ወረወረው። አንቺ ጓሮ ሆነሽ የሰማሽው ማጉረምረም ያ ነው።»

«እንዴት ተደርጎ!» አለ ታናሽ ወንድም። «ቁልፉን አታዙረው አለ ተብሏል እኮ! መካኒኩ ቁልፉን ሲቀማው ነው!»

«የብሎኑ ቁልፍ በሟቹ እጅ ነበር፤ የቱቦው ዝገት መዳፉ ላይ ታትሟል። በገዛ እጁ የያዘውን ቁልፍ ሌላውን ሰው ‹አታዙረው› የሚል አለ? ቁልፍ ግን ሁለት ነው። ሁለተኛው የሞተሩ ማስነሻ ነው፤ ይኸው፣ ከሚስማሩ ላይ።»

«እሱማ መኪናው ላይ ነበር!» አለች ሚስቲቱ። «መሪው እንዳይቆለፍበት ብሎ ጠዋት ሲሰካው አይቻለሁ።»

«ጋሼን የያዟቸው ግቢ ውስጥ ነው፤ እዚህ ክፍል አልገቡም። ስለዚህ የሰቀለው የቤት ሰው ነው።»

ሴትዮዋ አመድ መሰለች። «እኔን ነው?»

«አንቺን ‹አታዙሪው› ይልሽ ነበር። ጋሼን ‹አያዙሩት›፤ ሲሰድባቸው እንኳ እርስዎ ከማለት አልወጣም። በዚህ ቤት ‹አታዙረው› የሚባል አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«የአሮጊት ጆሮ ይዘህ ነው?» ብሎ ታናሽየው ወደ በሩ ተወረወረ። ሁለት ፖሊሶች ያዙት፤ አንዱን በጭንቅላቱ ገጭቶ አፍንጫውን ሰበረው። በግብግቡ ጃኬቱ ተቀደደ። ከማጅራቱ እስከ ወገቡ የግርፋት ሰንበር ተጋድሟል፤ በየሰንበሩ ላይ የጥርስ ምልክት፣ እኩል እኩል ተራርቆ፣ ደም ቋጥሯል።

መርማሪው አዲሱን ቺንጋ ከአንዱ ሰንበር ጎን ያዘ። ጥርስ ከጥርስ ገጠመ።

«ግዛ አለኝ፣ ገዛሁ!» ሲል ጮኸ ታናሽየው። «አምስት ጥርስ አነሰ ብሎ በዚያው ገረፈኝ! ‹ቆጠራ ተማር› እያለ አስቆጠረኝ! ሚስቱ ፊት! በሠላሳ ዓመቴ!»

ሚስቲቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ተፈትቶ በልጁ እጅ ገባ። ሲጎትቱት አልጋው አጠገብ ተንበረከከ።

«እማዬ… አንዲት ፊደል ብትለውጪ ምን ነበረበት?»

«አንተ ስትቆጥር አብሬህ ቆጥሬያለሁ» አሉ እናቱ። «አሥራ ዘጠኝ። ያኔ ‹ተው› ብዬ ብጮህ ሁለታችሁም ትኖሩልኝ ነበር። ዝም አልኩ። አሁንም ዝም ብል እኚህን ሰው በር ላይ ይገድሏቸዋል።»

ልጁን ይዘውት ወጡ። ከውጭ ጩኸቱ አንዴ ከፍ አለ፤ ከዚያ ሕዝቡ ያየውን ማመን እንዳቃተው ጸጥ አለ። መካኒኩ ዕንባቸውን ታስሮ በነበረው የእጅ አንጓቸው ጠርገው ሊነሱ ሲሉ፣ አሮጊቷ እጃቸውን ወደ እንቅስቃሴያቸው ድምፅ ዘረጉ።

«ወንድሜ፣ ያን ቁልፍ ከሚስማሩ አውርዱልኝ። ሲሰቅለው ሚስማሩ ላይ ተንቃጨለ፤ እስካሁን ይጮህብኛል።»