መጨረሻው መስመር ላይ የጻፈችው ስም

ጽገሬዳ በድሉን ያገኘችው በነፋስ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ልደታ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ሥልጠና በገባች በሳምንቷ፣ ያ ዳርና ዳሩ የተበሳሳ ረጅም የኮምፒዩተር ማተሚያ ወረቀት ከእጇ አምልጦ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር መንገድ ላይ ተዘረጋ። ጎሚስታ ቤት የሚሠራ ልጅ ሮጦ ያዘላት።

«ይሄ ሁሉ ቀዳዳ ምንድን ነው እህቴ? ብል በላው እንዴ?»

ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ከሥልጠና ስትወጣ መንገዷ በጎሚስታው በኩል ሆነ። ቤቷ እኮ በሌላ በኩል ነው!

በድሉ አጎቱ ጋ የሚኖር፣ ቀበሌ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ልጅ ነበር። የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ በመጣ ቁጥር እኩዮቹ በመኪና ሲጫኑ እሱ የሚተርፈው በዚህ ነው። አጎቱ ጠዋት ማታ «ስምህን ለማንም እንዳትሰጥ!» ይሉታል። ለጽገሬዳ ግን ሰጣት። ከነአባቱ ስም፣ ከነዕድሜው።

እሷም የተማረችውን በጠመኔ አሮጌ ጎማ ላይ እየጻፈች ታስተምረዋለች።

«አሠልጣኛችን አቶ ሀብተ ማርያም ምን አሉን መሰለህ፣ ስም ለኮምፒዩተር በክር የተሰካ ዶቃ ነው። ትቆጥረዋለህ፣ ትቆርጠዋለህ፣ ትቀጥለዋለህ። ያንተ በእንግሊዝ ፊደል ስንት ዶቃ ነው?»

«ስድስት።»

«ከግራ ሁለቱን ቁረጥ።»

በአውራ ጣቱ አበሰው። «የቀረኝስ ለማን ነው?»

«ለኔ ነዋ» አለችና አፈረች። እሱም ጎማው ላይ አቀረቀረ። ጠመኔውን መልሳ አንስታ ቀጠለች፣ «ከአባትህ ስም ጋር ስትቀጥለው መሀሉ ላይ ባዶ ቦታ ትሰጠዋለህ። ባዶውም ይቆጠራል።»

«ባዶ ደሞ እንዴት ይቆጠራል?»

«እሁድ ሳላይህ ስውል እንደሚቆጠረው።»

ሐምሌ ላይ ከቀበሌዎች ለውትድርና የሚጠሩ ወጣቶች ዝርዝር መጣ። ስም ለብቻ፣ የአባት ስም ለብቻ ነው። ሰልጣኞቹ ስሙን ከአባት ስም ቀጥለው፣ በፊደል ተራ ደርድረው ማተም ነበረባቸው። ጽገሬዳ ፕሮግራሟ መሥራቱን ለማየት መጨረሻው መስመር ላይ በደንብ የምታውቀውን አንድ ስም ጨመረች። የማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ዕድሜውንም፣ የጎሚስታ ቤቱን ቁጥርም ጻፈች። ሙከራ ነው፣ ይጠፋል ብላ!

ስሙ ከአባቱ ስም ጋር ተቀጥሎ ሲመጣ ባዶውንም ጨምራ ቆጠረችው። ዝርዝሩን ደረደረችው።

«ጽገሬዳ፣ ፍጠኚ እንጂ! የቀበሌ ሰዎቹ ቆመው እየጠበቁ ነው!» አሏት አቶ ሀብተ ማርያም።

የኔ ሙከራ መጨረሻው ላይ ነው ብላ፣ የመጨረሻውን መስመር ሳታየው አጠፋች። አትማ ሰጠች።

ከተደረደረ በኋላ በድሉ መጨረሻ ላይ ምን ያደርጋል? በእንግሊዝ ፊደል በ«ቢ» ስለሚጀምር ወደ ላይ ወጥቶ ከሚጠሩት መሀል ገብቷላ! ያጠፋችው የሌላ ልጅ ስም ነው።

በሳምንቱ ጎሚስታው ጋ ስትደርስ በድሉ የለም፤ ግማሹ የተፈታ ጎማ መሬት ላይ ወድቋል። አጎቱ ራሳቸውን ይዘው «ማን ስሙን ሰጣቸው? ማን?» ይላሉ። ያኔ ገባት። እየሮጠች ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመለሰች።

«ጋሽ ሀብተ ማርያም፣ እኔ ነኝ ያስገባሁት! ስህተት ነው በሏቸው!»

«ዝም በይ ልጄ። ማህተም ተመቶበታል። ይሄን ብትናገሪ አንቺም እኔም መግቢያ የለንም።»

የተያዙት ልጆች የታጎሩበት ቀበሌ ቆርቆሮ አጥር ላይ ሽንቁር ነበር። በድሉ ፊቱን አስጠጋ።

«ማን እንደጠቆመኝ ባውቅ ጽጌ!»

«እኔ ነኝ» አለችው። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረችው።

 ዐይኑ ከሽንቁሩ አልተነሳም።

«መሀሉ ላይ ባዶ ቦታ ሰጥተሽዋል?»

«ሰጥቻለሁ።»

«እንግዲህ ቁጠሪው» ብሏት ዞረ።

ከታጠቅ ጦር ሰፈር አንድ ደብዳቤ አልመጣም፤ ከሰሜን ጦር ግንባርም አልመጣም። ያ ስሙን ያጠፋችው ልጅ ግን እዚሁ ልደታ ውስጥ አለ። በእንግሊዝ ፊደል ድርድሩ መጨረሻ ላይ ስለነበር ስሙ በ«ዘ» እንደሚጀምር ታውቃለች፤ ሌላ ምንም አታውቅም። አውቶቡስ ስትጠብቅ ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጅ ካየች «ማን ትባላለህ?» ትላለች። እብድ ነች የሚሏትም አሉ።

አንድ ቀን አንዱ ፈገግ ብሎ «ዘለቀ» አላት። አውቶቡሱ መጣ፤ አልተሳፈረችም። በጎሚስታው በኩል በእግሯ ሄደች። ቤቷ አሁንም በሌላ በኩል ነው።